ከ«ማን» በፊት «ምን»

አሰላ ውስጥ ሱቅ ሲሰበር፣ በሳጉሬ በኩል ጥንድ በሬ ተነድቶ ሲጠፋ፣ ወይም በአንድ የገጠር ቀበሌ ሰው ሞቶ ሲገኝ በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ቁጭት አንድ ዓይነት ነው፤ «ካሜራ ቢኖር ኖሮ!» ትንሽ ያነበበው ደግሞ «ላቦራቶሪ ቢኖረን፣ ዲ ኤን ኤ ቢመረመር» ብሎ ይጨምርበታል። አንድ መርማሪ ቀንቶት ሌባ ሲይዝ ግን ወሬው ይለወጣል፤ «እሱማ ሲፈጥረው ነው፤ ሌባን ፊቱን አይቶ ያውቀዋል» ይባላል። አንዱ አስተያየት በማሽን፣ ሌላው በተሰጥኦ ያምናል። የሚያደርሱን ግን እዚያው ነው፤ ማሽን ያልተገዛለት፣ ተሰጥኦም ያልታደለው ተራ መርማሪ ሳያይ ቢያልፍ፣ አይቶም ሳይጽፍ ቢቀር ጠያቂ አይኖረውም።

ክርክሬ ከዚህ አመለካከት ጋር ነው። የወንጀል ምርመራችን ትልቁ ጉድለት የመሣሪያ እጦት አይደለም። የጎደለው በሥርዓት የማየትና የታየውን ብቻ የመጻፍ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ይማሩታል እንጂ አብሮ አይወለድም፤ ብዙ ገንዘብም አይፈጅም። እሱ ከሌለ ደግሞ የተተከለው ካሜራም ሆነ የተገዛው ላቦራቶሪ ሥራ ፈት ነው።

ካሜራን ለመናቅ አይደለም። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ሲቀድመው በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ልዩነት አጥርቶ ለመመዝገብ የሰው ዓይን አይበቃም፣ ካሜራ ያስፈልጋል። ነገር ግን ያ ካሜራ የተደቀነው ሁሉም አስቀድሞ በሚያውቀው መስመር ላይ ነው። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ተወዳዳሪዎቹም የታወቁ ነበሩ። ወንጀል የሚፈጸመው መስመር ባልተሰመረበት ሜዳ ነው፤ ካሜራው የት ይደቀን እንደነበር የሚታወቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

የአርሲ ደጋ ደግሞ ሰፊ ነው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ እስከ ቦቆጂና ከዚያም ወዲያ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፤ ቤቱ ተራርቆ የተሠራ፣ ክረምት ሲገባ ጉም የሚወርድበት፣ ማታ ከጨረቃና ከኩራዝ በቀር ብርሃን የሌለበት ሰፈር ብዙ ነው። እዚያ ሰው ወድቆ ሲገኝ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ቀጥሎ የቀበሌ ሚሊሻ፣ ቀጥሎ ለቅሶኛ። አንዱ ሬሳውን ያለብሳል፣ ሌላው ዱላውን አንስቶ አጥር ላይ ያስደግፋል፣ ሌላው ቀና አድርጎ ውኃ ሊያጠጣ ይሞክራል። ማናቸውም ክፉ አላሰቡም፤ ለሟች ክብር መስጠት ነው። መርማሪው ሲደርስ ግን መሬቱ በእግር ታሽቷል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ ደግሞ የቀረውም ታጥቧል። እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ከተማ ላይ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ፈረንሳዊ ኤድሞን ሎካር የተነሣበት ሐሳብ የተነካካ ነገር ሁሉ ምልክት ይተዋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ምልክቱን ከመሬት አይቶ፣ የነበረበትን ለክቶና ጽፎ የሚያነሣ ሰው ከሌለ ላቦራቶሪው የሚመረምረው ነገር አይደርሰውም።

ታዲያ ማሽኑን እንዲህ የምንናፍቀው ለምንድን ነው? መልሱ ከማሽኑ ይልቅ በእኛ የቆየ ጠባይ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በንጉሡ ዘመን በገጠሩ ይሠራበት የነበረውን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ እናስታውስ። ከብት ከተሰረቀ ወይም ቤት ከተቃጠለ የአካባቢው ሰው ይሰበሰብና ወንጀለኛውን እስኪጠቁም ድረስ ይያዛል፤ ካልጠቆመም ጉዳቱን በጋራ ይከፍላል። ከዚያም በፊት ሌባ ሻይ ነበረ፤ አንድ ልጅ መጠጥ ይሰጠውና ጭስ ይስብና ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሁለቱ ሥርዓቶች በጭካኔም በብልሃትም ይለያያሉ፤ የሚፈልጉት ነገር ግን አንድ ነው፤ ስም። «ማን ነው?» ይላሉ እንጂ «ምን ሆነ? እንዴት ሆነ? ከየት ተገባ? በየት ተወጣ?» አይሉም።

በሻይ ቤቱ ወሬ ያለችው ካሜራም የምትፈለገው ለዚሁ ነው፤ ወደ አንድ በር እንድትጠቁመን። ልጁ በመስታወት ተተካ እንጂ ምኞቱ አልተለወጠም። ከ«ምን» ሳይነሣ «ማን» ላይ የሚደርስ ምርመራ ደግሞ በማሽንም ቢደገፍ የተሳሳተ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ሕጉ ከልማዳችን ይሻላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22 ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ፣ የደረሰው ክስ ወይም ጥቆማ አጠራጣሪ ቢመስለው እንኳ፣ ምርመራ እንዲያደርግ ያዝዛል። በአንቀጽ 24 በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍርና ለሰጪው እንዲነበብለት፣ በአንቀጽ 36 መርማሪው የምርመራውን ውሎ በየዕለቱ እንዲመዘግብ ይላል። በሌላ አነጋገር ሕጉ የሚጠብቀው የሚያይና የሚጽፍ ሰው ነው።

የሚጻፈውስ? የክስ ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ አረፍተ ነገሩን በቃሉ ይወጣዋል፤ «በግምት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ልዩ ቦታው እዚህ ተብሎ በሚጠራው ስፍራ፣ ሰው ለመግደል አስቦ፣ በያዘው ዱላ…»። በክስ ወረቀት ላይ ይህ አጻጻፍ ሥራ አለው። በምስክር ቃል ውስጥ ሲገባ ግን በሽታ ነው። ምስክሩ ሦስት ሰዓት መሆኑን በምን ገመተ? ከብት ከገባ በኋላ ነው? እራት ሲቀርብ ነው? የዒሻ ሶላት ሲሰገድ ነው? እነዚህ እያንዳንዳቸው ሌላ ሰው ተጠይቆ የሚያረጋግጣቸው ነገሮች ናቸው፤ «በግምት» ተብሎ ሲጻፍ ሁሉም ይጠፋሉ። አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1858፣ በግድያ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ሆኖ የቆመበት ችሎት ይታወቃል። ዋናው ምስክር ድርጊቱን ያየሁት በጨረቃ ብርሃን ነው አለ፤ ሊንከን የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ አውጥቶ በዚያች ሰዓት ጨረቃዋ ልትጠልቅ ዝቅ ብላ እንደነበር አሳየ፤ ተከሳሹም ተለቀቀ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄና አንድ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ቀበሌ የሌሊት ወንጀል ሲመረመር የጨረቃዋ ነገር ካልተጠየቀ ምርመራው ገና አልተጀመረም።

«አስቦ» የምትለዋ ደግሞ የሰው ዕድሜ ትወስናለች። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው፤ አንቀጽ 541 በሚመለከታቸው ቀላል ሁኔታዎች ደግሞ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በነዚህ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ማን መጀመሪያ ዱላ እንዳነሣ፣ በመካከላቸው ስንት እርምጃ እንደነበረ፣ ዱላው ከቤት የመጣ ይሁን እዚያው ከአጥር የተነቀለ፣ ቁስሉ ከፊት ይሁን ከኋላ ነው። ምስክር አሳብን አያይም፤ እጅን ነው የሚያየው። መርማሪው እጁን ትቶ አሳቡን ከጻፈ ዳኛው ሊመዝነው የሚገባውን ነገር ቀድሞ ፈርዶበታል።

ሰዉ መግለጽ አይችልም የሚል ካለ አንድ የደጋ ከብት አርቢን ስለጠፋ በሬው ይጠይቅ። መልኩን መጋላ ነው ይላል፣ ግንባሩ ቦቃ ነው ይላል፤ ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የታጠፈ፣ ቀኙ ጫፉ የተሰበረ፤ ጆሮው ላይ ያለው ቅዳድ፣ ሽንጡ ላይ ያለው የተተኮሰ ምልክት፣ ሻኛው ወደየት እንደሚያጋድል፣ ሲሄድ የትኛውን እግሩን እንደሚጎትት ሁሉ ይዘረዝራል። ይህ ሰው ያልተማረ ሊሆን ይችላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ግን የእሱን ከብት ከሰው ከብት በሩቅ እንዲለይ ሰልጥኗል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ወረቀቱ ላይ «ግምቱ ይህን ያህል የሆነ አንድ ቀይ በሬ» ብቻ ከሰፈረ፣ በገበያ ቀን ከመቶ ቀይ በሬ መካከል ማን ያገኘዋል? የጠፋው ማስረጃ ባለቤቱ ዘንድ ነበረ፤ የጎደለው የሚቀበለው ጆሮና የሚከትበው እጅ ነው።

«ይህ የገበሬ ችሎታ ነው፤ ወደ መሥሪያ ቤት አሠራር አይለወጥም» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ይህን የሚል ሰው ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ይግባ። እዚያ የስንዴ ዋግ የሚለካው በዓይን ነው። ቴክኒሻኑ ማሳ ውስጥ ገብቶ ዋጉ ከቅጠሉ ወይም ከግንዱ ምን ያህሉን እንደሸፈነ ከመቶ ይገምታል፤ የተሻሻለው የኮብ መለኪያ የሚባል የታወቀ ምስል ስላለ ግምቱ የልብ ወለድ አይደለም። ቀጥሎ ተክሉ ተቋቋሚ፣ በመጠኑ ተቋቋሚ፣ በመጠኑ ተጠቂ ወይም ተጠቂ መሆኑን በፊደል ይጽፋል። ቁጥሩና ፊደሉ አንድ ላይ ተጽፈው በሌላ አገር ያለ ተመራማሪ ሲያነባቸው ማሳው ምን እንደሚመስል ይገባዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ማሳ አይተው በጣም ከተራራቁ ደግሞ ተመልሰው ያያሉ።

የላቦራቶሪው ነገር እንኳ በዚሁ ይፈታል። ከ2003ቱ የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ ብዙ ገበሬ የተማመነበት ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። የዋጉ ዘር በላቦራቶሪ ተለይቶ ታወቀ። ላቦራቶሪው ይህን ሊያውቅ የቻለው ማሳ ላይ የቆመ ሰው የቢጫውን ዋግ ከግንዱ ዋግ በዓይኑ ለይቶ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ናሙናውን ስለላከ ነው። ለስንዴ የሰለጠነ ዓይንና የጋራ መለኪያ ሰጥተናል፤ ለሰው ሕይወት ግን «በግምት» ይበቃል ብለናል። ይህን ማን ይከላከለዋል?

ስለ ተሰጥኦም ከዚያው ከአርሲ መልስ አለ። የቦቆጂው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። «ዓይን አላቸው» ይባላል፤ አላቸው። ያ ዓይን ግን የመጣው ለዓመታት ልጆች ሲሮጡ በማየት፣ አንዱን ከአንዱ በማስተያየት፣ ግምታቸውንም ኋላ ከመጣው ውጤት ጋር በማመሳከር ነው። መርማሪ ግምቱን የሚያመሳክርበት ዕድል ካልተሰጠው፣ ማለትም የሠራው መዝገብ ፍርድ ቤት ምን እንደደረሰበት፣ የትኛው ቃል እንደፈረሰና ለምን እንደፈረሰ ካልተነገረው፣ 20 ዓመት ቢያገለግል አንድ ዓመትን 20 ጊዜ ደገመ እንጂ ዓይን አላፈራም።

ሥልጠናውም የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሞት ስፍራዎችን በትናንሽ የአሻንጉሊት ቤቶች ሠርታ በሃርቫርድ ለሚሰጥ የፖሊስ ሥልጠና አቀረበች። መርማሪዎቹ ቤቶቹን እንዲያዩ 90 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ የሚጠበቅባቸው ገዳዩን መሰየም ሳይሆን ክፍሉን በቅደም ተከተል አይቶ ያዩትን መናገር ነው። ከቤቶቹ 18ቱ ዛሬም ባልቲሞር ውስጥ ለሥልጠና ያገለግላሉ። አሻንጉሊት መሥራት ካቃተን አንድ ባዶ ክፍል፣ አንድ የተገለበጠ በርጩማ፣ የፈሰሰ ቡናና የተከፈተ መስኮት ይበቃል።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ክርክር ግን የችሎታው ነገር አይደለም። «የሰው ዓይንና ትዝታ እኮ ይሳሳታል፤ ማሽን የምንፈልገው ለዚህ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ባደረጉት ሙከራ ሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አይተው ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ። ለአንዱ ወገን በጥያቄው ውስጥ «ተጋጩ» ተባለ፣ ለሌላው «ተደቃቀሱ»። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲባሉ፣ በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት ጨርሶ ሳይኖር፣ «ተደቃቀሱ» ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ፤ «ተጋጩ» ከሰሙት 50ዎቹ ግን 7ቱ ብቻ። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ጥቃት የደረሰባት ተማሪ የአጥቂዋን ፊት ላለመርሳት ልብ ብላ ተመልክታው ነበር፤ ሮናልድ ኮተንን በፎቶ መረጠችው፣ በሰልፍም ደገመችው፤ ከ10 ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ በ1995 ዲ ኤን ኤ ነጻ አወጣው። በአሜሪካ በዲ ኤን ኤ ነጻ ከወጡት ሰዎች መዝገብ ውስጥ ከመቶ 60 የሚበልጠው የዓይን ምስክር ስሕተት ያለበት ነው።

እነዚህ ታሪኮች ግን የሚመሰክሩት ለእኔ ነው። የሎፍተስ ሙከራ ያሳየው ዓይን ከንቱ መሆኑን ሳይሆን ጠያቂው በአንዲት ቃል የሌላውን ትዝታ ሊያበላሽ እንደሚችል ነው። የእኛው ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 ምስክር በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ እንዳይቀርብለት የሚከለክለው ይህንኑ አውቆ ነው። ችሎት ላይ የተከለከለው መሪ ጥያቄ ግን ጣቢያ ውስጥ አስቀድሞ ሥራውን ከጨረሰ፣ ምስክሩ «ቀይ ሹራብ የለበሰው እገሌ ነው አይደል?» ተብሎ ከተጠየቀ፣ ዳኛው የሚሰማው የምስክሩን ትዝታ ሳይሆን የመርማሪውን ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ምስክሩን በማሽን መተካት አይደለም። መድኃኒቱ መርማሪውን ማስተማር ነው፤ መጀመሪያ ምስክሩ ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይናገር፤ ጥያቄው ከተናገረው ይውጣ፤ ምስክሮች አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ለየብቻ ይጠየቁ፤ ቃላቸውም በራሳቸው አነጋገር ይጻፍ። እንግሊዝ በሐሰት ተናዝዘው የታሰሩ ሰዎች ነጻ መውጣት ካዋረዳት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 የፖሊስን አጠያየቅ በዚህ መንገድ ለውጣለች።

ማሽኑም ከስሕተት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2004 የማድሪድ ባቡሮች በቦምብ ከተመቱ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የጣት አሻራ ባለሙያዎች አንድ አሻራ የኦሪገኑ ጠበቃ የብራንደን ሜይፊልድ ነው ብለው አረጋገጡ፤ ሰውየው ታሰረ። የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አሳየ፤ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ። መሣሪያ አልጎደላቸውም። ለስሕተቱ አንዱ ምክንያት ባለሙያዎቹ የሰውየውን አሻራ ካገኙ በኋላ የማድሪዱን አሻራ በዚያ ዓይን ማየታቸው ነው። አፈርሳታ በላቦራቶሪ ውስጥም ሊገባ ይችላል።

ያየኸውንና የገመትከውን መለየት እንዴት ከባድ እንደሆነ ከኃይሌ ገብረሥላሴ በላይ ምሳሌ አላውቅም። ሲሮጥ ግራ ክንዱን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ያጥፋል። ይህ የታየ ነገር ነው፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ ክንዱ ተሰብሮ ነበር፣ ትከሻውን ያመዋል ማለት ይቻላል፤ ሁሉም አሳማኝ ነው፣ ሁሉም ስሕተት ነው። በልጅነቱ ደብተሩን በዚያ ክንድ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር የታወቀው ራሱ ስለተናገረ ነው። ጥሩ መርማሪ «ግራ ክንዱ የታጠፈ» ብሎ ይጽፍና ምክንያቱን ለጥያቄ ያቆያል። መጥፎው «የክንድ ጉዳት ያለበት» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሁሉ የታጠፈውን ክንድ ረስቶ ጉዳቱን ይፈልጋል።

የሚቀረው «ጊዜ የለም» የሚለው ነው። መርማሪው መዝገብ በዝቶበታል፤ መኪና የለውም፤ ቀበሌው ሩቅ ነው። ይህን አልክድም። ሒሳቡ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል፤ ያ 14 ቀን ሲደጋገም ተጠርጣሪው በእስር፣ ቤተሰቡ በስንቅ ማመላለስ፣ መርማሪው በመመላለስ ያልቃሉ። የሚፈለገው ማስረጃ በመጀመሪያው ጠዋት መሬት ላይ ነበረ።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። እያንዳንዱ መርማሪና የቀበሌ ሚሊሻ ገመድ፣ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይኑረው፤ ሚሊሻው አንድ ነገር ብቻ በደንብ ይማር፤ ቁስለኛን ከማዳን በቀር ምንም ሳያነሡ ቦታውን ማጠር። የማስታወሻው ገጽ ለሁለት ይከፈል፤ በግራ የታየው፣ የተሰማው፣ የተለካው፤ በቀኝ የተገመተው። መርማሪው የቆመበት ቦታ፣ የብርሃኑ ሁኔታ፣ የአየሩ ጠባይ፣ ርቀቱ በእርምጃ ሁልጊዜ ይጻፍ። ለከብት፣ ለልብስ፣ ለቁስል የጋራ የመግለጫ ቅጽ ይዘጋጅ፤ ምስክር በአፋን ኦሮሞ ያለውም በአማርኛ ያለውም በዚያው ቋንቋ ይከተብ። የፈረሰ መዝገብ ሁሉ ለሠራው መርማሪ ከነምክንያቱ ይመለስለት።

ከዚህ በኋላ ካሜራውም ላቦራቶሪውም ይምጡ፤ የሚያገለግሉት ሰው ያገኛሉ። እስከዚያው ግን ጥበቃው በዳኛው እጅ ነው። መርማሪ ተጨማሪ ቀጠሮ ሲጠይቅ ዳኛው «ማንን ጠረጠርክ?» ከማለቱ በፊት «ቦታው ላይ መቼ ደረስክ? ምን አየህ? የት ጻፍከው?» ይበለው። መልስ ከሌለው ቀጠሮውን ይከልክለው፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ያላየ መርማሪ 14 ቀን ቢጨመርለት የሚያየው ነገር የለም።